ጃኬቴን ሳላወልቅ

የፋሲካ ዕለት ነበር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ። እናቴ ዶሮ ወጡን ስታወጣ ፈረሰኛውን መርጣ እኔ ፊት አኖረችው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ፈረሰኛው የእኔ ነው። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሌሊት ጾም ስንፈታ «እንቅልፌ መጣ» ብዬ አምልጬ ነበር። አሁን ግን አክስቶቼ፣ ጎረቤቶቻችን፣ የልጅ መዓት ትሪውን ከቦታል። ማምለጫ የለም።

አንዴ ጎረስኩ። አኘክሁ። አሁንም አኘክሁ። ጉርሻው አፌ ውስጥ እንደ ደረቅ ጨርቅ ይንከባለላል እንጂ አይወርድም። ምራቅ የሚባል ነገር የለኝም። በርበሬው ያቃጥላል፣ ጣዕሙ ግን የለም። በውሃ አወራረድኩት። ቀና ስል እናቴ እያየችኝ ነው። ምንም አላለችም። እናቴ ከተናገረች ቀላል ነው፤ ዝም ስትል ነው የምፈራት።

ሃምሳ አምስቱን ቀን በእኔ ስትኮራ ነው የከረመችው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እኮ ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም» ስትል ሰምቻታለሁ። ማታ ማታም እምብዛም አልበላም ነበር፤ «ተመስጣለች» ተባለ። እኔም አላስተባበልኩም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ አልጾምኩም። የጾመልኝ የምግብ ፍላጎቴን የዘጋው ክኒኔ ነው። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። ጾሙ ሲያልቅ መደበቂያዬም አብሮ አለቀ።

ማታ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሰሃን እያጠብን እናቴ አንድ ነገር ብቻ አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» እኔ ደግሞ በሆዴ «የእኔ ችግር እኮ መድኃኒቱ ነው» አልኩ።

ቀልበ ቢስ

ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መሰብሰብ የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ) ምን እንደሆነ እዚህ በዝርዝር አላብራራም። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ በቀን ሦስቴ ቁልፍ የሚፈልገውን ሰው ጠይቁ። እኔ ስሙን የሰማሁት በ31 ዓመቴ ነው። እስከዚያ የነበረኝ ስም «ቀልበ ቢስ» ነው። ወተት ጥዳ የምትረሳ፣ ጃንጥላዋን ባጃጅ ውስጥ ትታ የምትወርድ። ጅማ ላይ ጃንጥላ መርሳት ቀላል ጥፋት እንዳይመስላችሁ። የእኛ ዝናብ ሐምሌን አይጠብቅም።

መድኃኒቱን የጀመርኩት በታኅሣሥ ነው። ሜቲልፌኒዴት ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሪታሊን በሚለው የንግድ ስሙ ነው። የእኔ ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ የሚወርደው ዓይነት ነበር። ከዋጥኩት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጀምራል፣ ሦስት አራት ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ያበቃል። የስሙ ነገር ሁሌም ፈገግ ያደርገኛል። ንጥረ ነገሩን በ1944 እ.ኤ.አ. የሠራው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲባ የሚባል ኩባንያ ባልደረባ የነበረ ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት ነው። የሚስቱ ስም ማርጌሪት፣ የቁልምጫ ስሟ ሪታ። የደም ግፊቷ ዝቅ ይል ስለነበር ቴኒስ ከመጫወቷ በፊት ትወስደው ነበር ይባላል። መድኃኒቱም በእሷ ስም ተጠራ። ሪታ ለቴኒስ፣ እኔ ለቡና።

አምስት ሲኒ

አዎ፣ እንጀራዬ ቡና መቅመስ ነው። የምሠራው ቡና ገዝቶ የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ፣ ናሙና ክፍል ነው። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና የመጣ ናሙና ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ሲኒ ይደረደራል። ትኩስ ውሃ ይፈስበታል። አራት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ጀርባ ገፋ አድርጎ አፍንጫን ወደ ሲኒው ማስጠጋት ነው። ቀጥሎ በማንኪያ ፉት፤ ያውም በኃይል፣ በድምፅ፣ እናቴ ብትሰማ በጥፊ የምታቀምሰኝን ዓይነት ድምፅ። ከዚያ መትፋት። («በጾም እንዴት ትቀምሻለሽ?» ለምትሉኝ መልሱ ይኸው ነው፤ እንተፋዋለን።)

ለምን አምስት? አንዱ ብቻ የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል ነው። አንዲት የሻገተች ፍሬ አንዱን ሲኒ አበላሽታ አራቱን ንጹሕ ልትተው ትችላለች። የቀማሽ ሥራው ያቺን አንዷን መያዝ ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት ሦስተኛው ሲኒ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ፈረንጅ አራዳ ደርሶ ነበር የሚመለሰው። ያልከፈልኩት የመብራት ሒሳብ፣ ያልደወልኩላት ጓደኛ፣ የትናንት ጭቅጭቅ። ተመልሼ ከመጀመሪያው ሲኒ እጀምራለሁ። ክኒኑን በወሰድኩ በሦስተኛው ቀን ግን የሆነውን አልረሳውም። አምስቱን ሲኒ ከዳር እስከ ዳር ቀምሼ ጻፍኩ። ቀና ስል ክፍሉ ጸጥ ብሏል። መጀመሪያ ሰዎቹ የወጡ መስሎኝ ነበር። አልወጡም፤ ያወራሉ። ጸጥ ያለው የእኔ ጭንቅላት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚኖረው?

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ መድኃኒቱን የማማት እንዳይመስላችሁ። ውለታው አለብኝ። ችግሩም እሱ ነበር፣ ውለታው።

ከጥር ጀምሮ አፌ መድረቅ ጀመረ። በየካቲት ምግብ አስጠላኝ። እንቅልፌም ተዛባ። አሥር ሰዓት ላይ የሁለተኛው ክኒን ጊዜ ሲያልቅ አንድ ሰው ከኋላዬ ወንበሬን የሳበው ያህል እወድቃለሁ። ባጃጅ ነጂው አምስት ብር መልስ ስላዘገየብኝ ጮኼበት አውቃለሁ። ቤት ስደርስ ያዘንኩት ለእሱ ነው።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ከአምስቱ ሲኒ አራተኛው ሻግቶ ነበር። እኔ «ንጹሕ» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ ያሉት ጋሼ ዕድሜያቸውን በቡና የጨረሱ ሰው ናቸው። ፉት አሉና ተፉ። ከዚያ ወረቀቴን አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ። «ጉንፋን ነው ጋሼ» አልኳቸው። እሳቸውም አንድ ጊዜ ትክ ብለው አይተውኝ ውጤቱን በእስክሪብቷቸው አስተካከሉልኝ። ለማንም አልተናገሩም።

ክኒኑ ቀልቤን መልሶ ምላሴን ወሰደው። ለሌላ ሰው ምናልባት ትርፍ ነው። ለቡና ቀማሽ ግን?

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን»

ይህ ሁሉ ሲሆን በየወሩ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር። አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ዶክተሩ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት ቢያንስ ነው፣ ያም ሆኖ አንቱ ነው የምለው። «እንዴት ነሽ?» ይላል። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እላለሁ። «መድኃኒቱ እንዴት ነው?» ይላል። «በጣም ጥሩ ነው ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ማዘዣውን ይጽፋል። እወጣለሁ።

ቆይቼ ሳስበው «እንዴት ነሽ» የሚለው ቃል ራሱ ሸውዶኛል። እኛ ቤት «እንዴት ነሽ» ጥያቄ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። መልሱም አንድ ነው። እናቴ ወገቧ ተይዞ ከአልጋ መነሣት አቅቷት፣ ጠያቂ ሲገባ «ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ» ትላለች። ጎረቤታችን ሐጂ ቢሆኑም «አልሐምዱሊላህ» ነው መልሳቸው፤ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ። እንዲህ ሆኜ አድጌ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በዚያው ቃል ሲጠይቀኝ አፌ በራሱ መለሰ። አእምሮዬ እስኪደርስ ድረስ ሰላምታው አልቋል።

ግን ሁሉንም በቋንቋ ማሳበብ አልችልም። ይሉኝታም አለበት። መድኃኒቱን ጅማ ፋርማሲዎች ዞሬ አጥቼዋለሁ። ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ በተራ ወረቀት አይሸጥም፤ ልዩ ማዘዣ አለው። ማዘዣው በሰው እጅ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወንድሜ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ይገዛዋል፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እኔ ጋ ይደርሳል። ያ ሁሉ ሰው የደከመበትን ነገር «አልተስማማኝም» ማለት የቀረበልኝን ማዕድ በእግሬ መግፋት መሰለኝ። ዶክተሩስ? ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ያላየውን ያየልኝ ሰው ነው። «የሰጡኝ መድኃኒት ጎዳኝ» ብለው ምን ይለኛል? «ራስሽ ሐኪም ሆንሽ?» አይልም?

ከሁሉ በታች ደግሞ ፍርሃት አለ። ይህን ብናገር ይወስዱብኛል፣ በምትኩም የሚሰጡኝ የለም፣ ወደ ወተት ረሺዋ ሴትዮ እመለሳለሁ የሚል ፍርሃት። ሁለተኛ መድኃኒት መኖሩንም በደንብ አላውቅም ነበር። አያቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። የእኔ ዝምታ ግን ሰባት ኪሎ ነቅዟል።

ሚዛኑንስ እንዴት አለፍኩት? ነርሷ በየወሩ ትመዝነኛለች። ወፍራም የዝናብ ጃኬት አለኝ፣ ኪሱ ሁልጊዜ በቁልፍና በስልክ ቻርጀር የታጨቀ። ሳላወልቅ እወጣለሁ። «አውልቂ» ስትለኝ «በርዶኛል» እላለሁ። ከስቼ ስለነበር እውነትም ይበርደኝ ነበር።

በሩ ላይ

በግንቦት ቀጠሮ እናቴ «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ግን ከፋሲካ ወዲህ መከራከሪያ አልነበረኝም። ዝናብ ነበር። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ገባሁ።

ሌሊቱን ስለማመድ ነው ያደርኩት። «ዶክተር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምናልባት ከተቻለ...» ብዬ የምጀምረውን ዓረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ አስተካክዬዋለሁ። ገባሁ። «እንዴት ነሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» አለቀ። ማዘዣውን ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ «በይ እንግዲህ፣ ከወር በኋላ» አለኝ። አመስግኜ ተነሣሁ። በሩን ከፈትኩት።

እናቴ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በአበባ ጨርቅ የታሰረ የምሳ ዕቃ አለ። ከቤት ስንወጣ አላየሁትም፤ በነጠላዋ ሸፍናው ኖሯል። በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ሙቀቱ እንዳይጠፋ እንደ ማቀፍ አድርጋ። ተኝቶ ለሚታከም ሰው ምግብ ያመጣች አስታማሚ ነው የምትመስለው። ከጎኗ ያሉት ሴትዮ «ማንሽ ነው የተኛው?» ሲሏት ሰማሁ። እናቴም «ልጄ ናት» አለች። «አልተኛችም እንጂ።»

እጄ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ተረኛው ታካሚ ግማሽ ሰውነቱ ገብቷል። ያንን ሃያ ጊዜ ያስተካከልኩትን ዓረፍተ ነገር ፈለግሁት፣ የለም። ዞር አልኩና ከፍ ባለ ድምፅ፣ ኮሪደሩ ሁሉ በሰማው ድምፅ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ይቀየርልኝ!» አልኩ።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ገቢውን ሰውዬ «አንዴ ይቅርታ አባባ» አለው። እኔን «ተቀመጪ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አየኝና «ቆይ፣ መጀመሪያ ጃኬትሽን አውልቂ» አለኝ።

50 ኪሎ። በታኅሣሥ 57 ነበርኩ። የልብ ምቴ ተቀምጬ በደቂቃ 112፣ የደም ግፊቴ 140 በ90። ካርዴን ወደኋላ ገለጠ። ጥር 56፣ የካቲት 55፣ መጋቢት 54። እንደ ደረጃ የሚወርደው ቁጥር ውስጥ የጃኬቴ ክብደት እንዳለበት አልነገርኩትም፤ ጃኬቱን አየው፣ ገባው።

ከዚያ «እንዴት ነሽ» አላለኝም። «ትናንት ምሳ ምን በላሽ?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ሰላምታ አይደለም። ለእሱ «ተመስገን» አይመለስም። «ምንም» አልኩ። «ከትናንት ወዲያስ?» «ሻይ።» «ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» «ስምንት ሰዓት ሌሊት።» «ማልቀስ አለ?» «ከአሥር ሰዓት በኋላ።» መልሶቼ እየፈጠኑ ሄዱ። ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖ ይመስለኛል፣ «ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። «ደክመውልኝ ነው» አልኩት። ሳቅ አለና «እኔ እኮ የምደክመው እንድትነግሪኝ ነው» አለኝ።

የሚቆየውና የሚሄደው

መድኃኒት ይቀየርልኝ ማለት ወቀሳ ማቅረብ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀት አወጣና መሐል ለመሐል አሰመረበት። «በዚህ በኩል እንዲሄድልሽ የምትፈልጊውን ንገሪኝ። በዚህ በኩል ደግሞ እንዲቆይልሽ የምትፈልጊውን።» የመጀመሪያው በአንድ ትንፋሽ ሞላ። ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። እንዲቆይልኝ? የሚጠይቀኝ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ብዙ ቆይቼ «ጠዋቶቹ» አልኩ። «የሦስት ሰዓቱ ጸጥታ።» እሱንም ጻፈው።

ስለ ሌላ ሌላውም ጠየቀኝ። ቡና ስንት? ሥራ ላይ እተፋለሁ፣ ቤት ግን ከእናቴ ጋር ከአቦል እስከ በረካ ነው። ጫትስ? አልቅምም። ይህንን ሲጠይቀኝ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም፣ እንዳላፍር ይመስለኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ እንደሆነ፣ ከእንዲህ ዓይነት ክኒን ጋር ሲደረብ ልብንና የደም ግፊትን ሁለቴ እንደሚገፋ ነገረኝ። ጅማ ላይ ይህን ሳይጠይቁ ማዘዝ አይቻልም አለኝ። እኔ ያኔ ያሰብኩት የአክስቴን ልጅ ነው። ለፈተና በርጫ ሳይቀመጥ ማንበብ አይችልም። ምርቃናው ሲመጣ «አሁን ገና ጭንቅላቴ ተሰበሰበ» ይላል። ሁላችንም እንስቅበት ነበር። አሁን ሳስበው እሱም እንደ እኔ ጸጥታ ፍለጋ ላይ የነበረ ይመስለኛል።

መንገዱ አንድ አይደለም አለኝ። ክኒኑን ከቁርስ በኋላ መውሰድ አለ። የከሰዓቱን መቀነስ አለ። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሠራው ረጅም ዓይነት አለ፤ የአሥር ሰዓቱን መውደቅ ሊያለዝበው ይችላል፣ የምግብ ፍላጎቱን ግን ላያድነው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከሌላ ወገን የሆነ መድኃኒትም አለ። «ግን ሁሉንም አንዴ አንነካካም። ሁለት ነገር አብረን ከቀየርን የትኛው እንደሠራ አናውቅም።» የናሙና ክፍል ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሁለት ሳምንት በቁርስና በቅናሽ ሞከርን። የልብ ምቴ ብዙም አልወረደም። ያኔ አቶሞክሴቲንን አነሣ። መጀመሪያ ለድብርት ታስቦ የተጠና፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለኤዲኤችዲ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። የሚያነቃቃው ወገን አይደለም። ዛሬ ውጠኸው ዛሬ የሚነሣም አይደለም፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይባል በየቀኑ ይወሰዳል። የወደድኩለት ነገር፣ አላሞካሸልኝም። «አፍ ማድረቅ እሱም አለበት» አለኝ። ሳቄ መጣ። ልብ ምትንም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል መለካቱ ይቀጥላል። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ወይ መጥፎ ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ አለኝ። የድብርት መድኃኒት እንደምወስድም ጠየቀኝ፤ አንዳንዶቹ የዚህን መድኃኒት መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታልና።

አንድ ሌላ ነገር ነገረኝ፤ ቤት ገብቼ እስካነበው አላስቻለኝም። አቶሞክሴቲን ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ነው የሚፈጨው። እሌኒ አክሊሉ የምትባል ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። የእነዚህ ሰዎች አካል በዚህ መንገድ የሚያልፉ መድኃኒቶችን ከሌላው ሰው ፈጥኖ ይጨርሳቸዋል። ሌላ አገር በቂ የሆነ መጠን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሊያንስ ይችላል። እኔ ከየትኞቹ እንደሆንኩ አልተመረመርኩም። ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ «አልሠራልኝም» የሚለው ቃል ምስጋና ቢስነት መስሎ አልታየኝም። መረጃ ነው። ዶክተሩ ደሜ ውስጥ ገብቶ አያይም። ከነገርኩት ውጭ ምን ያውቃል?

ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት ግን ስልኩን አነሣ። አዲስ አበባ ለሚያውቀው ፋርማሲስት ደወለና «ስንት ወር ያህል አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን የትም አላነበብኩትም። የእኛ አገር የመድኃኒት ምርጫ ግማሹ እዚያ ስልክ ላይ ነው ያለው። ጥሩ መድኃኒት ጀምሮ በሦስተኛው ወር ከማጣት አለመጀመር ይሻላል፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው። ለወንድሜም ደወልኩለት። «የድሮው ሁለት ፓኬት ይቀራል፣ ይቅርታ» አልኩት። «አንቺ ቂል፣ እኔ ክኒን ነው እንዴ የምወደው?» አለኝ።

አሁን አምስተኛ ሳምንቴ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በባዶ ሆዴ ወስጄው አጂፕ ጋ ባጃጅ አስቁሜ አስመልሶኛል። ከዚያ ወዲህ ከቁርስ ጋር ነው። የሦስት ሰዓቱ ጸጥታ እንደ ድሮው አልመጣም፤ የሚመጣ ከሆነም ከሩቅ ነው፣ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ መብራት። አፌ አሁንም ይደርቃል፣ ግን ያነሰ ነው። 52 ኪሎ ገብቻለሁ፣ ያለ ጃኬት። ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ ሳይነግሩኝ አንድ የሻገተ ሲኒ መሐል ደብቀው ፈተኑኝ። ሁለተኛው ነበር። ስይዘው ምንም አላሉም፤ ማንኪያቸውን ሲኒው ላይ አንዴ ኳ አደረጉት።

ላያዋጣኝም ይችላል። ዶክተሩ እስከ ስምንተኛው ሳምንት እንይ ብሏል።

ትናንት ማታ እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ከሰሉን እያራገበች «ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። «አልተቆጣም?» «አልተቆጣም።» «ፊቱን አላጠቆረም?» «ኧረ እማዬ፣ እንዲያውም ሳቀ።» ጀበናውን አስተካከለች። ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች አንድ በአንድ አበሰቻቸው፣ ንጹሕ ሆነው ሳለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣

«እኔ የምልሽ፣ ያቺን የግፊቷን ክኒን ካቆምኳት ቆየሁ» አለች።

«ምን? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት። እግሬን ታሳብጠኛለች።»

«ለሐኪምሽ ነግረሻል?»

«በምን አፌ ልንገረው ልጄ? ስገባ እኮ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው የሚቀበለኝ።»